አባቴ 36 ዓመት ሠርቶ 36 ተቆጠረለት፤ እኔ 18 ሠርቼ 9

የከዚራ ልጅ

ሰላም የድሬና የሐረር ሰዎች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት አባቴን ባንክ ወስጄው ነበር። የጡረታ ቀኑ ነው። አባቴ 75 ዓመቱ ነው። የኤቲኤም ካርድ አለው፣ ግን ተጠቅሞበት አያውቅም። ከዋዜማው ሸሚዙን ያስተኩሳል። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ 1 ሰዓት ላይ ከቤት ይወጣል። የባንክ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይይዛል። ባንኩ በር ላይ ጓደኞቹ ቀድመውት ደርሰዋል። አንዱ የቀድሞ የባቡር መካኒክ ነው፣ አንዷ ነርስ ነበረች፣ ሁለቱ እንደሱ መምህር ነበሩ። መጀመሪያ የሚጠያየቁት ስለ ብር አይደለም። ማን እንዳልመጣ ነው። «እሱስ የታለ? አሞት ይሆን?» ይባባላሉ። ብሩን ከተቀበሉ በኋላ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ሻይ በወተት ይጠጣሉ።

እኔ ዳር ቆሜ ሳያቸው አንድ ነገር ከነከነኝ። እኔ 60 ሲሞላኝ እዚህ ወረፋ ላይ እገኛለሁ?

አባቴ በ1967 መምህር ሆኖ ተቀጠረ፣ በ2003 ጡረታ ወጣ። 36 ዓመት። የጡረታ አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደሞዝ ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል። ለሱ 62.5 በመቶ መጣለት። አማካይ ደሞዙ 2,000 ብር ስለነበር 1,250 ብር ሆነ። ዛሬ ተሻሽሎ እንኳን የአንድ ኩንታል ጤፍ ግማሽ አይገዛም። ግን አንድም ዓመት አልጠፋበትም።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በ1997 ነው፣ በግል ድርጅት። ያኔ ለግል ሠራተኛ የሚሆን የጡረታ ሕግ አልነበረም። አዋጁ የወጣው በ2003 ነው። ስለዚህ 6 ዓመቴ እንዳልነበረ ሆነ። ሁለተኛው መሥሪያ ቤቴ ከሐምሌ 2004 እስከ ሰኔ 2009 ነበርኩ። በየወሩ የጡረታ መዋጮ ይቆረጥብኝ ነበር። ፔሮሉ ላይ ፈርሜያለሁ። ከዚያ 2 ዓመት ያለ ቅጥር ቆየሁ። ከ2011 ጀምሮ አሁን ያለሁበት ነኝ።

አምና አገልግሎቴን ላጣራ ብዬ ጡረታ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ኮምፒውተሩን አየች፣ እንደገና አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ «ወንድሜ፣ ከሰኔ 2006 በኋላ ከዚህ ድርጅት የገባ ነገር የለም» አለችኝ። 36 ወር! ከደሞዜ ቆርጠው አላስገቡም። ደሞዜ 4,500 ነበር። በወር 7 በመቶ፣ 315 ብር ከኔ ኪስ ወጥቷል፤ በ36 ወር 11,340 ብር። እነሱ መጨመር የነበረባቸው ድርሻ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ድርጅቱ ዛሬም እየሠራ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም።

18 ዓመት ሠርቼ የተቆጠረልኝ 9 ነው። የአባቴን ትውልድ «ድሃ ሆነው አረጁ» እያልኩ ነው ያደግኩት። አሁን ግን የሱ ድህነት የተቆጠረ፣ የኔ ልፋት ያልተቆጠረ ሆኖ ታየኝ። እናንተስ ዘንድ እንዴት ነው?


ሸዋ በር

ልጄ፣ እኔም መምህር ነበርኩ፣ ሐረር። አባትህን ሳላውቀው አልቀርም፣ በክረምት ሥልጠና ላይ እንገናኝ ነበር።

ልክ ነህ፣ ዓመታችን ተቆጥሯል። ሥራ ፍለጋ የሚባል ነገርም አልነበረብንም። የተማረ ሰው ተመድቦ ይሄዳል። ዲግሪ የያዘ በ500 ብር ይጀምራል፤ ዶላሩ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ ኪራዩም ቀለለ። እኔ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ።

ግን «እድለኛ» ስትሉን ልቤ ቅር ይለዋል። አብረውኝ 12ኛ ክፍል ከጨረሱት ልጆች መካከል ለዚህ ወረፋ የበቃነው ጥቂት ነን። አንዳንዱ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤቱ ወጥቶ ቀረ። በነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ድሬ ደጃፍ ሲደርስ መሣሪያ ይዘው የወጡ ነበሩ። ከ1975 በኋላ ብሔራዊ ውትድርና መጣ፣ ታናሽ ወንድሜ በዚያው ሄደ። እናቴ እስክትሞት በር ስታይ ኖረች። ለሱ ምን ተቆጠረለት?

ባንክ በር ላይ «እሱስ የታለ?» የምንባባለው ዛሬ የጀመረን ልማድ አይደለም። ከ20 ዓመታችን ጀምሮ ነው የምንጠያየቀው።


የከዚራ ልጅ

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አባቴም ስለዚያ ዘመን ብዙ አያወራም። እርስዎ ሲጽፉት ነው የገባኝ። ወንድምዎን ነፍስ ይማር።


ሸዋ በር

አንቱ አትበለኝ፤ የምሥራቅ ልጅ አይደለህ? አንተ በለኝ፣ ያ ነው የሚጥመኝ።


የቀፊራዋ

እኔ ደግሞ ስለ እናቴ ልንገራችሁ። ቀፊራ ገበያ 40 ዓመት ሸጣለች። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ አንዳንዴ ሎሚ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ የገጠር ሴቶቹ ይዘው የሚመጡትን ትቀበላለች። የማንም ተቀጣሪ አልነበረችም። ፔሮል የለ፣ ፊርማ የለ። የተቆጠረላት እቁቧና እድሯ ብቻ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቿ እንደ እድር ያለ አፎሻ አላቸው፣ እሷም ለሐዘን ከነሱ ጋር ትቀመጣለች።

አሁን ጉልበቷ አይታጠፍም። የምጦራት እኔ ነኝ። ጡረታ የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከመጦር ነው አይደል? እናቴ ጡረታ አላት፣ ጡረታዋ እኔ ነኝ። ግን እኔም እዚያው ገበያ ነኝ፣ የእናቴ ቦታ ላይ። ወንድ ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ማታ ሲተኛ ፊቱን እያየሁ «አንተም ልትጦረኝ ነው?» እላለሁ። እንዲህ ብዬ ማሰቤ ራሱ ያሳፍረኛል። ልጅ ለዚህ አይወለድም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ 9 ዓመትህን አትናቃት። እናቴ 40 ዓመት ሠርታ ዜሮ ነው የተቆጠረላት።


ሳቢያን ነጋዴ

እኔ ላልስማማ ነው። በመዋጮ ጡረታ ላይ ተስፋ አታድርጉ። የዛሬ 15 ዓመት 1,250 ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ ምንድን ነው? ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ሲለቀቅ ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ በእጥፍ ሄደ፣ የሁሉም ነገር ዋጋ ተከተለው። አበሉ ግን እንደዚያ አልሮጠም። በመጨረሻ 3 ዓመት ደሞዝ የታሰረ ነገር ገበያው ሲሮጥ ቆሞ ይቀራል። ያንን 7 በመቶ ለኔ ቢሰጡኝ ፍየል ገዝቼ ባረባበት ይሻላል። መሬት፣ ቤት፣ ዕቃ ነው የሚያዋጣው።


የከዚራ ልጅ

ወንድሜ፣ የምትለው ውስጥ እውነት አለ። አባቴ ባለፈው ክረምት ታሞ ነበር። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በየወሩ ይገዛል። ያ አበል መድኃኒቱን ይሸፍናል፣ ለሻይም ትተርፈዋለች። ብዙ አይደለም። ግን እኔን «ልጄ፣ አንድ 500 ብር» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ፍየል ስትታመም ማን ይጠይቃል? ሁሉ ሰው ደግሞ ነጋዴ አይደለም። እኔ ነግጄ ከስሬ አውቃለሁ፣ በእነዚያ 2 ዓመታት።


ሳቢያን ነጋዴ

እሺ፣ ይገባኛል። የኔም አባት ሹፌር ነበር። ሲደክመው እኛ አምስት ልጆች ተካፍለን ነው የያዝነው፣ በዚያ ምክንያት ከአንዱ ወንድሜ ጋር እስከ ዛሬ አንነጋገርም። ያንን ሳስበው የአባትህ ነገር ይገባኛል።


ፔሮል ሠራተኛ

15 ዓመት በፋይናንስ ሥራ ላይ ነኝ፣ ድሬ ውስጥ። ጥቂት ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው።

አንደኛ፣ በ2014 አዋጁ ተሻሽሏል፣ ለመንግሥት 1267፣ ለግል 1268 ነው ቁጥሩ። የግል ሠራተኛ 7፣ አሠሪ 11 በመቶ የሚለው እንዳለ ነው። መውጫ ዕድሜው 60 ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ካልተቆጠረ የወር አበል የለም፣ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ብቻ ነው። የከዚራ ልጅ አሁን 9 ላይ ነው፤ አንድ ዓመት ቀርቶታል።

አሁን 43 ከሆንክ እስከ 60 17 ዓመት አለህ። ሳትቋረጥ ከሠራህ 26 ዓመት ይሆናል። 30 ሲደመር 16 ጊዜ 1.25፣ ማለትም 50 በመቶ። የጠፉት 3 ዓመታት ቢገቡ 29 ዓመት፣ 53.75 በመቶ። ልዩነቱ 3.75 ነው። ትንሽ ይመስላል። በመጨረሻ አማካይ ደሞዝህ 20,000 ብር ቢሆን ግን በወር 750 ብር ነው፣ እስከ ዕድሜ ልክ። አንተ ካለፍክ ደግሞ ባለቤትህ ከአበልህ ግማሹን ትወስዳለች፣ ስለዚህ እሷም ላይ ይጎድላል። 11,340 ብር ብቻ የወሰዱብህ አይምሰልህ።

መዋጮ ቆርጦ አለማስገባት የአሠሪው ዕዳ ነው። የመሰብሰቡ ሥልጣን ያለው አካል ከድርጅቱ የባንክ ሂሳብ እንዲቆረጥ እስከማዘዝ ይደርሳል። ግን ማስረጃ ይፈልጋል። የቅጥር ደብዳቤ፣ የሥራ ልምድ፣ ከሁሉ በላይ የደሞዝ ስሊፕ። መዋጮው የተቆረጠበት ወረቀት እጅህ ላይ አለ?

እና ወጣቶቹ፣ ከገንዘብ ክፍሉ ጋር መጣላት አይደለም፣ በየ6 ወሩ ሄዳችሁ «ገብቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙ። እኔ የምሠራበት ቦታ በ15 ዓመት ውስጥ መጥተው የጠየቁኝ ሰዎች ከአሥር አይበልጡም።


የከዚራ ልጅ

ስሊፕ! ልቤ ዝቅ አለ። ስሊፑን ተቀብዬ በዚያው ቀን ነበር የምጥለው። አንዳንዴም ኪሴ ውስጥ ይታጠባል። ደብዳቤዎቹ ግን አሉኝ።


ባጃጅ 2015

ሰላም። እኔ 25 ዓመቴ ነው። በ2015 ተመረቅኩ፤ የመውጫ ፈተና ለሁሉም የተጀመረበት ዓመት ነው። አለፍኩ። ሲቪል ምሕንድስና ነው። እናቴ ያን ቀን ጎረቤቱን ሁሉ ቡና ጠራች።

አሁን ባጃጅ እነዳለሁ፣ ከለገሃር ሳቢያን፣ ከሳቢያን ለገሃር። ባጃጁ የሰው ነው፤ ለባለቤቱ በቀን የተወሰነ ብር አስገባለሁ፣ የተረፈው የኔ ነው። ስትነግሩኝ የነበረው ሁሉ የሩቅ ሀገር ወሬ ይመስለኛል። አንተ ከደሞዝህ ተቆርጦ ስላልገባ ታዝናለህ። እኔ የሚቆረጥበት ደሞዝ ነው የናፈቀኝ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ገብቼ ጠይቄያለሁ፣ ለሲቪል ምሕንድስና አይደለም የሚቀጥሩት። መንግሥት ቤት ማስታወቂያ ሲወጣ ለሦስት ቦታ ስንት መቶ ሰው እንደሚመጣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ኮፒ ቤቱ ድረስ ሰልፍ ነው።

ይሄን ስጽፍ እያማረርኩ አይደለም። ሥራዬን እወዳለሁ። ሰው ሁሉ ያወራኛል። ግን 60 ዓመት የሚባል ነገር በአእምሮዬ ውስጥ የለም። ለነገ ቤንዚን ነው የማስበው።


ሸዋ በር

የኔ ልጅ፣ የእኔ ዕድሜ እኩያ መንግሥት የመደበውን ይወስድ ነበር። ከሐረር ተነስቶ ወለጋ ወይ ጋሞ ጎፋ ይሄዳል። አልወድም ማለት የለም። አንተ መምረጥ ትችላለህ፤ የምትመርጠው ነገር ግን ጠፋ። የኛ ምርጫ ጠፍቶ ሥራ ነበረን። የትኛው እንደሚከብድ አላውቅም። ሁለቱም ከባድ ነው።

አንድ ነገር ልለምንህ። ሥራህ ባጃጅም ቢሆን ከምታገኘው ላይ ትንሽ ለብቻ አስቀምጥ። እቁብም ሆነ ባንክ። እኔ በ20ዎቹ ዕድሜዬ አላስቀመጥኩም፣ «መንግሥት አለ» ብዬ።


ፔሮል ሠራተኛ

ባጃጅ 2015፣ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ላይ ያለ ሰው በፈቃደኝነት እንዲገባ የግል ጡረታው ሕግ በር አልዘጋም። ጠይቅ። አንተ ወጣት ነህ፣ 35 ዓመት አለህ። 35 ዓመት ከተቆጠረ 61.25 በመቶ ነው።


የቀፊራዋ

ይሄን ለእኛም ብትጽፉት። ገበያ ላይ ያለነው ሴቶች ማንም ነግሮን አያውቅም። ነገ ሄጄ እጠይቃለሁ።


ከጅቡቲ

እኔ ጅቡቲ ወደብ አካባቢ ስሠራ 11 ዓመቴ። የድሬ ልጅ ነኝ፣ መጋላ ነው ያደግኩት። ጅቡቲም አልተቆጠረልኝም፣ ድሬም አልተቆጠረልኝም። ወረቀት ሳይኖረኝ ነው የገባሁት። አባቴ በባቡር ነበር ጅቡቲ የሚመላለሰው፤ የሱን ዓመት ባቡሩ ቆጥሮለታል። እኔ አሁን በዚያው መስመር ነው የሄድኩት፣ የሚቆጥርልኝ ግን የለም። ይሄን ማንበብ ከበደኝ፣ ግን እስከ መጨረሻው አነበብኩት።


የአዲስ ከተማ እናት

ባለቤቴ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። በ54 ዓመቱ ሞተ። ሦስት ልጆች ነበሩን። ያ የተተኪዎች አበል የሚባለው ባይኖር ልጆቼ ትምህርት አይጨርሱም ነበር። ለኔም ለልጆቹም ለእያንዳንዳችን ድርሻ ነበር። ብሩ ትንሽ ነው። ግን በወሩ መጀመሪያ ይመጣል፣ ባለሱቁም ያንን ስለሚያውቅ ያበድረኝ ነበር። «ጡረታዋ ይመጣል» ይል ነበር። ባለሱቅ የሚያምንሽ ሰው መሆን ምን ማለት እንደሆነ ያጣው ያውቀዋል። ልጄ፣ ያንን 36 ወር ተከራከርበት። ለራስህ ብቻ አይደለም።


የከዚራ ልጅ

ከ12 ቀን በኋላ ነው የምጽፈው። ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ።

ያን ማታ ለአባቴ ነገርኩት። እስከዚያ ድረስ አልነገርኩትም ነበር፣ እንዳያዝን። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ተነስቶ አልጋው ሥር ያለችውን የቆርቆሮ ሳጥን ጎተተ። እኛ ልጆቹ ያንን ሳጥን እንድንነካ አይፈቀድልንም ነበር። ከላይ የራሱ ወረቀቶች አሉ። የቅጥር ደብዳቤው፣ የዝውውር ደብዳቤዎቹ፣ የየዓመቱ እርከን ጭማሪ፣ የጡረታ ውሳኔው። ከሥሩ በጎማ ላስቲክ የታሰሩ ቢጫ ያሉ ትናንሽ ወረቀቶች አወጣ። የኔ የደሞዝ ስሊፖች ናቸው።

ያኔ ከቤተሰብ ጋር ነበር የምኖረው። እናቴ ልብሴን ልታጥብ ስትል ከኪሴ የምታወጣውን እሱ ይቀበላት ነበር። «ወረቀት አይጣልም» ነው ያለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ቆጠርናቸው። ከሐምሌ 2006 እስከ ሰኔ 2009 ካለው ውስጥ 22 ወር አለ። 14 ይጎድላል። አንዳንዱ ታጥቦ ጽሑፉ ደብዝዟል፤ አባቴ ፋኖሱን አምጥቶ፣ መብራት ስለጠፋ፣ «መዋጮ 315» የሚለውን በጣቱ እየነካ አነበበልኝ። እንደ ተማሪ ሆኜ ጽፌያለሁ።

በማግሥቱ ከኔ ጋር የነበሩ ሁለት ሰዎች ጋር ደወልኩ። አንዷ ሐረር ነው ያለችው። እሷም አጣርታ አታውቅም ነበር። የሷም ልክ እንደኔ ከሰኔ 2006 በኋላ ቆሟል። ስሊፕ የላትም፣ ግን የባንክ ስቴትመንት አላት፤ ደሞዙ ተቀንሶ መግባቱን ያሳያል። ሌላኛው ሁለቱም የለውም፣ የምስክርነት ቃል ይሰጣል።

ሦስታችንም ማመልከቻ አስገብተናል። የተቀበለን ሰው በጥሞና ነው ያየልን። «22ቱ ይበቃል፣ የቀረውን ከድርጅቱ መዝገብ እንጠይቃለን» ብሎናል። ይሳካል አይሳካም፣ ገና ነው።

ፔሮል ሠራተኛ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ የጻፍከውን አትሜ ይዤ ነው የሄድኩት። ሸዋ በር፣ አባቴ ያውቅሃል፣ በክረምት ሥልጠናው እግር ኳስ ላይ ግብ ጠባቂ ነበርክ ብሏል፣ ሰላም ይልሃል።

የአገልግሎት ዘመናችሁን አጣርታችሁ የጎደለባችሁ ካላችሁ፣ ለእኛ ቀጠሮ የተሰጠን ለጥር 14 ነው። ከሐረር የምትመጣውም ትኖራለች። ጠዋት 2 ሰዓት ጡረታ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ እንገናኝ። ወረቀት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የሌላችሁም ኑ።


ባጃጅ 2015

ጥር 14 ከለገሃር የሚነሳ ካለ እኔ አደርሳለሁ። ለአባትህ ቦታ እይዛለሁ።